ለመስከረም ጫማ ማዳረስ፦ በአዲስ አበባ ዳርቻ ለሚሠሩ የበጎ ፈቃድ ክለቦች ዝርዝር መመሪያ

ይህ መመሪያ ለአንድ ሥራ ብቻ ነው፤ ከ40 እስከ 80 ለሚሆኑ ልጆች ትምህርት ሳይጀመር ልካቸው የሆነ ጫማ እግራቸው ላይ ማድረስ። ሥራው ቀላል ይመስላል። በየዓመቱ ጳጉሜ ላይ ግን ብዙ ክለብ እዚሁ ላይ ይወድቃል። ገንዘቡ ተሰብስቧል፣ ጫማው ተገዝቷል፣ ባነሩም ተሰቅሏል፤ ነገር ግን ግማሹ ጫማ ልክ አይደለም፤ 60 ልጅ ሲጠበቅ 150 ሰው በር ላይ ቆሟል፤ ከሁሉ የባሰ የቸገረው ቤት ደግሞ ጭራሽ አልተጠራም።

የእኛም ክለብ የመጀመሪያ ዓመት እንዲሁ ነበር ያለፈው። ያን ቀን የተበላሸው ሁሉ መነሻው ሐምሌ ላይ ሳንሠራው የዘለልነው ነገር ነበር። ስለዚህ ከዚህ በታች ብዙ ቦታ የሰጠሁት ለምዝገባና ለልኬት ነው።

የጊዜ ሰሌዳ

- ሰኔ መጨረሻ፦ ትምህርት ቤቱ ሳይዘጋ ርዕሰ መምህሩን ማነጋገር
- ሐምሌ 1 እስከ 20፦ ቤት ለቤት ምዝገባ
- ሐምሌ መጨረሻ፦ እግር መለካት
- ነሐሴ፦ መግዛት፣ ማሸግ
- ከነሐሴ መጨረሻ እስከ ጳጉሜ፦ ማዳረስ
- ጥቅምት፦ ተመልሶ ማየት

ነሐሴ ላይ ከተነሳችሁ ዘግይታችኋል። ያኔ ለ60 ልጅ ከመሮጥ ለ20 ልጅ በደንብ መሥራት ይሻላል።

## ደረጃ 1፦ ምን እንደጎደለ ጠይቁ

የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ለመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪዎች ዩኒፎርምና ደብተር በነፃ ማቅረብ፣ ምገባም ማካሄድ ጀምሯል። ይህን ሳያጣሩ ደብተር በካርቶን ጭነው የሚሄዱ ክለቦች ዛሬም አሉ። ልጁ ደብተሩን ከዚያ አግኝቶት ሊሆን ይችላል፤ እግሩ ላይ ያለው ግን የተቀደደ ኮንጎ ጫማ ነው።

ርዕሰ መምህሩን ወይም የወላጅ፣ ተማሪና መምህራን ኅብረቱን ሰብሳቢ ሦስት ነገር ጠይቁ።

1. ዘንድሮ ለተማሪው ምን ይመጣል? መቼስ ይደርሳል?
2. የማይደርሰው ለማን ነው?
3. ክረምት ላይ በነጠላ ጫማ ወይም በኮንጎ የሚመጡ ልጆች ከየትኛው ሰፈር ነው የሚመጡት?

ሦስተኛው ጥያቄ ለምዝገባችሁ መንገድ ይከፍታል። የአንደኛና የሁለተኛ ክፍል መምህራን መልሱን ከማንም በላይ ያውቁታል፤ እነሱንም ጠይቁ።

ድንበሩን ተጠንቀቁ። በከተማዋ ዳርቻ አስፋልት መሻገር ማለት አስተዳደር መቀየር ሊሆን ይችላል። ከየካ አባዶ ወይም ከአያት ወጣ ስትሉ ለገጣፎ ትገባላችሁ፤ ለገጣፎ ደግሞ እንደ ቡራዩ፣ ሰበታና ሱሉልታ ሁሉ አሁን በሸገር ከተማ ሥር ነው። በዚህ በኩል ካለው ወረዳ የያዛችሁት የትብብር ደብዳቤ በዚያ በኩል አይሠራም። ልጆቹ ግን ድንበር አያውቁም፤ እዚያ እያደሩ እዚህ ይማራሉ። በሁለቱም በኩል የምትሠሩ ከሆነ ሁለት ደብዳቤ ያዙ፤ ደብዳቤውንም በሰኔ ጠይቁ።

## ደረጃ 2፦ ገንዘቡን ማን ይይዛል?

እዚህ ላይ አጭር ልሁን፤ ነገር ግን አትዝለሉት። ክለባችሁ በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት ተመዝግቦ ሕጋዊ ሰውነት ካላገኘ በራሱ ስም የባንክ ሂሳብ ሊከፍት አይችልም። ብዙዎች ታዲያ ገንዘቡን በአንድ ጓደኛቸው ቴሌብር ይሰበስባሉ። ያ ልጅ ምንም ያህል ታማኝ ቢሆን ስልኩ ሲጠፋ ወይም እናቱ ስትታመም ነገሩ ይደባለቃል። ክለብ የሚፈርሰው፣ ወዳጅነትም የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው።

እኔ የምመክረው ከሰፈሩ እድር ጋር መሥራት ነው። እድር ሰብሳቢ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ አለው፤ የሰፈሩ ሰውም ያምነዋል። ይህ ካልሆነላችሁ ሦስት ሰው የሚፈርምበት የጋራ ሂሳብ ክፈቱ፤ ከሦስቱ አንዱ ከክለቡ ውጭ የሆነ የሰፈር ሽማግሌ ይሁን። የገባውንና የወጣውን በዕለቱ በቴሌግራም ግሩፓችሁ ለጥፉ። ለመለወጫና ለጥገና ከጠቅላላው 10 በመቶ አስቀምጡ። ከሮተሪ ወይም ከላየንስ ክለብ ድጋፍ ለመጠየቅ ካሰባችሁ የበጀት ዝርዝሩንና የልጆቹን ብዛት በጽሑፍ ይዛችሁ ሂዱ፤ ስም ዝርዝር ግን አትስጡ።

## ደረጃ 3፦ ቤት ለቤት መዝግቡ

የወረዳው ዝርዝር መነሻ እንጂ መድረሻ አይደለም። ወረዳው ስም ሲሰጣችሁ አመስግናችሁ ተቀበሉ፤ በዚያ ግን አትወሰኑ። ዝርዝሩ ላይ ያሉት በአብዛኛው የነዋሪነት መታወቂያ ያላቸው ናቸው። በዳርቻው ሰፈር በጣም የተቸገሩት ደግሞ መታወቂያ የሌላቸው ናቸው። እነዚህን በተለይ ፈልጉ፦

- ያላለቀ ሕንፃ የሚጠብቁ የጥበቃ ሠራተኞች ልጆች። አባትየው ጥበቃ ነው፤ ቤተሰቡ በምድር ቤቱ ወይም በግቢው ጥግ በተሠራ የቆርቆሮ ክፍል ያድራል። ሕንፃው ሲያልቅ ወደ ሌላ ሕንፃ ይሄዳሉ። በማንም መዝገብ ላይ የሉም።
- በአያት እጅ ያሉ ልጆች።
- ከገጠር "ሊማሩ" መጥተው ዘመድ ቤት የሚሠሩ ልጆች። እነዚህን የቤቱ ባለቤት እንደ ልጅ አይቆጥራቸውም፤ "ስንት ልጅ አለ?" ብትሉ ስማቸውን አታገኙም። "እዚህ ቤት ስንት ልጅ ያድራል?" ብላችሁ ጠይቁ።
- በየስድስት ወሩ ቤት የሚቀይሩ ተከራዮች ልጆች።

ለማግኘት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን፣ የባለ ሱቁን ሚስት፣ በየጠዋቱ በመንገድ ዳር እሸት የምትጠብሰዋን እናት ጠይቁ። ማን እንደቸገረው ያውቃሉ። ባለ ሱቁን ግን ማን ስንት ዱቤ እንዳለበት አትጠይቁት፤ "የትኛው በር ብናንኳኳ ይሻላል?" ማለት ይበቃል።

በር ላይ

1. ሁለት ሆናችሁ ሂዱ፤ አንዷ ሴት ትሁን። ከቻላችሁ አንዳችሁ ኦሮምኛ የምትችሉ ሁኑ፤ ከሰፈሩ ሰው ወላይትኛ ወይም ጉራጊኛ የሚችል ሰው ለምኑ።
2. የክለቡን ቲሸርት አትልበሱ። አንድ ዓይነት ቲሸርት የለበሰ ወጣት ሰፈር ከገባ "እርዳታ መጣ" ተብሎ መንደሩ በሙሉ ይከተላችኋል።
3. በእጃችሁ ምንም አትያዙ። ብስኩትም ቢሆን።
4. እንዲህ በሉ፦ "እንደምን ዋሉ እናቴ? ከሰፈሩ የበጎ ፈቃድ ክለብ ነው የመጣነው። ዛሬ የያዝነው ነገር የለም። ለመስከረም የልጆች ጫማ እያሰብን ነው፤ እንመዘግባለን፣ ከተሳካልን እንጠራዎታለን፤ ካልተሳካም መጥተን እንነግርዎታለን።" የመጨረሻዋን ሐረግ አትርሱ። ካልተሳካም በእርግጥ ተመልሳችሁ ንገሩ።
5. ልጁ ፊት ስለ ችግር አትጠይቁ። አባቱ የት እንደሄደ፣ ማን እንደታመመ አትጠይቁ፤ ቢነገራችሁም አትጻፉ።
6. ከ11 ሰዓት በፊት ጨርሱ። በዳርቻው ውሻው ብዙ ነው፤ ሲመሽ ደግሞ ጅቡም ይወጣል።

በደብተሩ ላይ የሚጻፈው፦ ተራ ቁጥር፣ የልጁ ስም፣ ዕድሜ፣ ክፍል፣ ትምህርት ቤት፣ የአሳዳጊው ስም፣ ስልክ (ከሌላቸው የጎረቤት)፣ አሁን እግሩ ላይ ያለው ጫማ፣ የቤቱ ምልክት። የቤት ቁጥር በሌለበት ሰፈር "ከውኃ ታንከሩ ጀርባ፣ ሁለተኛው ሰማያዊ በር" የሚል ምልክት ጳጉሜ ላይ ያድናችኋል። ደብተሩ አንድ ይሁን፤ በስልክ ፎቶ አንስታችሁ ለግሩፕ አትላኩት።

ከአንድ ቤት አንድ ልጅ አትምረጡ። በዚህ ላይ ክለባችን ውስጥ ብዙ ተከራክረናል፤ "ለብዙ ቤት ይዳረስ" የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። ሦስት ወንድማማች በአንድ ፍራሽ እያደሩ ለአንዱ ብቻ አዲስ ጫማ ማምጣት ቤቱ ውስጥ ለቅሶ መላክ ነው፤ ጫማውም በተራ እየተደረገ በኅዳር ያልቃል። ቤቱን ከመዘገባችሁ የሚማሩትን ልጆች ሁሉ መዝግቡ። ገንዘቡ ካልበቃ ቤት ቀንሱ።

መቀነስ ሲመጣ ሐምሌ 20 ላይ ሦስት ሰው ሆናችሁ የትኛው ቤት ቀድሞ እንደሚቀነስ በቅደም ተከተል ወስኑ። ከሦስቱ አንዷ የሰፈሩን ሰው የምታውቅ የእድር እናት ትሁን። የክለቡ አባል ዘመድ ዝርዝሩ ላይ ካለ አባሉ ከውይይቱ ይውጣ። በማዳረሻው ቀን በር ላይ ቆሞ ስም መሰረዝ ከባድ በደል ነው።

## ደረጃ 4፦ እግሩን ለኩ

"ልጅዎ ስንት ቁጥር ያደርጋል?" ብላችሁ ጽፋችሁ አትግዙ። አብዛኛው ወላጅ የሚያውቀው ባለፈው ዓመት የተገዛውን ነው፤ ያም ሰፊ ሆኖ የተገዛ ወይም ከታላቅ የወረደ ነው።

እኛ የመጀመሪያውን ዓመት በዚህ መንገድ ነበር የገዛነው። አንዲት ስምንት ዓመት ገደማ የሆናት ልጅ እግሯን እየገፋች አስገባችና ቀጥ ብላ ቆመች። "ልክ ነው ሚጣ?" አልኳት። "ልክ ነው" አለች ፈጠን ብላ። በአውራ ጣቴ ጫፉን ስጫነው ጣቶቿ ታጥፈው ነበር። ሳወልቅላት ማልቀስ ጀመረች፤ ልክ አይደለም ካለች የምንወስድባት መስሏት ነበር። ያን ዕለት እንዲህ "ልክ ነው" እያሉ ስንቱ እንደሄዱ አላውቅም።

የሚያስፈልገው፦ ወፍራም ካርቶን፣ መቀስ፣ እርሳስ፣ ማስመሪያ፣ ማርከር፣ ሁለት ሳፋ፣ ለብ ያለ ውኃ፣ ሳሙና፣ ፎጣ፣ ዝቅ ያለ አግዳሚ ወንበር።

ውኃውና ሳፋው ለምን? ሐምሌ ላይ የዳርቻው ዋልካ ጭቃ ከእግር አይለቅም፤ ልጆቹም እግራቸውን ማሳየት ያፍራሉ። ስለዚህ የሁሉንም እግር እጠቡ፤ ንጹሕ ሆኖ የመጣውንም ጭምር። አንዱን ብቻ "ና ታጠብ" አትበሉ።

ቅደም ተከተሉ

1. ከሰዓት በኋላ ለኩ። ሲውል እግር ትንሽ ያብጣል፤ ጠዋት የተለካ ጫማ ማታ ይጠብባል።
2. ልጁ ይቁም፤ ክብደቱን በሁለቱም እግሩ ላይ ይጣል። ተቀምጦ የተለካ እግር ያጥራል።
3. ካርቶኑን ከግድግዳ አስጠጉ፤ ተረከዙ ግድግዳውን ይንካ።
4. እርሳሱን ቀጥ አድርጋችሁ ከረጅሙ ጣት ጫፍ ላይ ምልክት አድርጉ። ረጅሙ ጣት ሁልጊዜ አውራ ጣቱ አይደለም።
5. ሁለቱንም እግር ለኩ፤ የሚረዝመውን ውሰዱ።
6. በዚያ ላይ 1 ሴንቲ ሜትር ጨምራችሁ ሁለት ጣት የሚያህል ስፋት ያለው የካርቶን ልክ ቁረጡ። ካርቶኑ ላይ የልጁን ተራ ቁጥር ጻፉ፤ ስሙን አትጻፉ።
7. እግሩ ሰፊ ወይም ወፍራም ከሆነ ካርቶኑ ላይ "ሰ" ብላችሁ ምልክት አድርጉ።
8. የእግሩን ርዝመት በሴንቲ ሜትር ደብተሩ ላይ አስፍሩ።

ወደ ጫማ ቁጥር መቀየር። በገበያችን በብዛት የምናገኘው የአውሮፓ ቁጥር ነው። አሠራሩ ይህ ነው፦ በእግሩ ርዝመት ላይ 1.5 ሴንቲ ሜትር ጨምሩ፤ የመጣውን በ1.5 አባዙ፤ ለሚቀርበው ሙሉ ቁጥር አጠጉት። እግሩ 20 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 21.5 ሲባዛ በ1.5፣ 32.25 ይሆናል፤ 32 ቁጥር ማለት ነው። በዚሁ ስሌት፦

- 17 ሴ.ሜ. 28 ቁጥር
- 18 ሴ.ሜ. 29 ቁጥር
- 19 ሴ.ሜ. 31 ቁጥር
- 20 ሴ.ሜ. 32 ቁጥር
- 21 ሴ.ሜ. 34 ቁጥር
- 22 ሴ.ሜ. 35 ቁጥር
- 23 ሴ.ሜ. 37 ቁጥር

ልክ መሃል ላይ ከወደቀ ትልቁን ውሰዱ። "ያድግበታል" ብላችሁ ግን ሁለት ቁጥር አትዝለሉ። ሰፊ ጫማ ጭቃ ውስጥ ይቀራል፣ ተረከዝ ይልጣል፣ ልጁም እየጎተተው ሶሉን ይጨርሰዋል።

ቁጥሩ የሚጠቅማችሁ ስንት 29፣ ስንት 32 እንደምትገዙ ለማወቅ ብቻ ነው። አንዱ ፋብሪካ 32 ያለው ከሌላው 31 ጋር እኩል ሊሆን ይችላል። የመጨረሻው ዳኛ የካርቶን ልኩ ነው።

በልኬቱ ቀን ያልመጣ ልጅ ካለ ወላጁ በሚናገረው ቁጥር አትተኩት። ሁለት ሰው ካርቶን ይዞ ቤቱ ይሂድ።

## ደረጃ 5፦ ግዙ

መርካቶ ሂዱ፤ ቅዳሜ ግን አይሁን፤ ግፊያው ለመለካት ጊዜ አይሰጣችሁም። በአዘቦት ቀን በጠዋት ሂዱ። ሦስት ሰው ይበቃል፤ አንዱ ገንዘብ፣ አንዱ ደብተርና ካርቶን፣ አንዱ ዕቃ ይያዝ።

ምን ዓይነት ጫማ? ጥቁር፣ ድፍን፣ ማሰሪያ ያለው። ተለጣፊው ለትንንሽ ልጆች ምቹ ይመስላል፤ ነገር ግን ጭቃ ሲገባበት በሁለት ወር መያዝ ያቆማል። ክር ከተበጠሰ በሌላ ክር ይተካል። ከቻላችሁ ቆዳ ግዙ፤ ሰው ሠራሹ (ሲንተቲኩ) ሲታጠፍ ይሰነጠቃል፣ ከዚያ ይላጣል።

ከመግዛታችሁ በፊት እያንዳንዱን ጥንድ እንዲህ ፈትሹ፦

1. ጫማውን በሁለት እጅ እጠፉት። መታጠፍ ያለበት ጣቶቹ ጋ ነው። መሃሉ ላይ ከታጠፈ ተዉት።
2. ሶሉን ከላይኛው ክፍል በአውራ ጣታችሁ ገፋ አድርጉ። የማስቲሽ ክር ከታየ ወይም ክፍተት ከተፈጠረ ተዉት። የተሰፋ ሶል ካገኛችሁ እሱን ምረጡ።
3. እጃችሁን ውስጡ አስገብታችሁ ዳስሱ። ሚስማር፣ የክር ቋጠሮ፣ ሸካራ ስፌት ካለ ጣታችሁ ያገኘዋል።
4. የልጁን ካርቶን ውስጡ አስገቡ። ሳይታጠፍ ጠፍጣፋ ሆኖ መተኛት አለበት። ከተኛ በኋላ ከፊቱ ከአንድ ጣት ስፋት በላይ ከቀረ ጫማው ሰፊ ነው።
5. ግራና ቀኙ አንድ ቁጥር መሆኑን እዩ። የጅምላ ገበያ ላይ መደባለቁ ያጋጥማል።

60 ጫማ በዚህ መልኩ መፈተሽ ግማሽ ቀን ይወስዳል። ነጋዴው ሊሰለች ይችላል፤ ከመጀመሪያው ንገሩት፦ "ለልጆች ነው፤ አንድ በአንድ ለክተን ነው የምንወስደው።" አብዛኛው ነጋዴ ይህን ሲሰማ ወንበር ይሰጣችኋል።

ዋጋውን ከመጨረሳችሁ በፊት ስለ መለወጥ ተስማሙ። ያልተረገጠ ጫማ በ10 ቀን ውስጥ በሌላ ቁጥር እንደሚቀየር ደረሰኙ ጀርባ ላይ ይጻፍላችሁ፤ ነጋዴው ይፈርምበት፣ ስልኩንም ያስፍርበት። በቃል ብቻ የተስማማነው አንድ ነጋዴ ስንመለስ "እኔ እንዲህ አላልኩም" ብሎናል፤ ሰባት ጥንድ ጫማ እጃችን ላይ ቀረ።

ከዝርዝሩ በላይ 8 ጥንድ መጠባበቂያ ግዙ፤ ዝርዝራችሁ ላይ ከሚበዙት ቁጥሮች አንድ ከፍ ያሉ ይሁኑ። ለእያንዳንዱ ልጅ ሁለት ጥንድ ካልሲ ያዙ። ካልሲ የሌለው ጫማ በሁለተኛው ቀን እግር ይልጣል፤ ልጁም ወደ ኮንጎው ይመለሳል።

ገንዘቡ ካነሰ ጥራት አትቀንሱ፤ ቤት ቀንሱ፤ ቅነሳውም ሐምሌ ላይ በወጣው ቅደም ተከተል ይሁን። በኅዳር የሚከፈት ጫማ ለ60 ልጅ ከመስጠት ዓመት የሚቆይ ለ45 መስጠት ይበልጣል።

## ደረጃ 6፦ አሽጉ

እያንዳንዱን ጥንድ ከካልሲውና ከካርቶን ልኩ ጋር በፌስታል አድርጉ፤ ላዩ ላይ ተራ ቁጥር ብቻ ጻፉ። በየአሥሩ በማዳበሪያ ከረጢት ክተቱ። ደረቅ ቦታ አስቀምጡ፤ በክረምት ሲሚንቶ ወለል ላይ የተቀመጠ ጫማ በሳምንት ይሻግታል። ሣንቃ አንጥፉበት።

## ደረጃ 7፦ የማዳረሻው ቀን

ቀኑን ስትመርጡ እሑድ ከ4 ሰዓት ጀምሮ ይሻላል። ቅዳሜ የቀን ሠራተኛው ሥራ ላይ ነው፤ እሑድ እስከ 3 ሰዓት ቤተ ክርስቲያን የሚውለው ብዙ ነው፤ ከ8 ሰዓት በኋላ ደግሞ ዝናቡ ይመጣል። የዓመት በዓል ዋዜማ አታድርጉት፤ ያን ቀን እናቶች ገበያ ናቸው።

ቦታው ሁለት በር ያለው ክፍል ይሁን፤ በአንዱ ይገባል፣ በሌላው ይወጣል። የትምህርት ቤቱ ክፍል ወይም የእድሩ አዳራሽ ይሆናል። ሜዳ ላይ አታድርጉት።

ሁሉንም በአንድ ሰዓት አትጥሩ። ዋናው ትእዛዝ ይህ ነው። አሥር ልጅ 4 ሰዓት፣ አሥር ልጅ 4፡30፣ አሥር ልጅ 5 ሰዓት እያላችሁ ካርድ ላይ ሰዓትና ተራ ቁጥር ጽፋችሁ ከሁለት ቀን በፊት ቤታቸው አድርሱ። 60 ልጅ በሦስት ሰዓት ያልቃል። የአንድ ቤት ልጆች በአንድ ሰዓት ይምጡ።

በክፍሉ ውስጥ

1. በር ላይ፦ አንድ ሰው ካርዱን ከደብተሩ ጋር ያመሳክር።
2. እግር መታጠቢያ፦ ሳፋ፣ ፎጣ፣ ካልሲ።
3. መሞከሪያ፦ ወለሉ ላይ ንጹሕ ካርቶን አንጥፉ፤ ሶሉ ከቆሸሸ ነጋዴው አይቀይረውም። ልጁ ክሩን አስሮ ይቁም። በአውራ ጣት ጫፉን ተጫኑ። እስከ ግድግዳው ሄዶ ይመለስ፤ ተረከዙ ይወጣ እንደሆነ እዩ። "ልክ ነው?" ከማለታችሁ በፊት እንዲህ በሉት፦ "ይሄ ጫማ ያንተ ነው። ቢጠብም ቢሰፋም ማንም አይወስድብህም፤ በሌላ እንቀይርልሃለን።" ከዚያ ጠይቁት።
4. መውጫ፦ አሳዳጊው ይፈርም ወይም በጣቱ ያትም። አሮጌውን ጫማ ይዘው ይሂዱ፤ አትሰብስቡት፤ ለዝናብ ቀን ያገለግላል።

የማታደርጉት። ንግግር የለም። መድረክ የለም። የልጅ ፊት ያለበት ፎቶ የለም፤ ወላጁ ፈቀደም አልፈቀደም። ጫማ ሊሰጠው ቆሞ "ፎቶ ላንሳዎት?" የተባለ ሰው እምቢ ለማለት አቅም የለውም። ለለጋሾች የተደረደረውን ጫማ ፎቶ፣ ደረሰኙን፣ ስሙ ተሸፍኖ የተፈረመውን ወረቀት ላኩ። ከልጅ ጋር ለብቻው በተዘጋ ክፍል የሚቆይ በጎ ፈቃደኛ አይኑር።

## ነገሩ ሲበላሽ

ያልተመዘገበ ሰው በር ላይ ከተሰበሰበ። በሩን አትዝጉ፤ ድምፃችሁንም ከፍ አታድርጉ። የሰፈሩን ሰው የምታውቀው የእድር እናት ወንበርና ሌላ ደብተር ይዛ ውጭ ትቀመጥ። ስምና የቤት ምልክት ትመዝግብ፤ "ቤትዎ መጥተን እናያለን" ትበል፤ "እንሰጣለን" አትበል። በሁለት ሳምንት ውስጥ በእርግጥ ሂዱ። ከመጠባበቂያው ጫማ ግን በር ላይ ለማንም አትስጡ። አንድ ጥንድ በዚያ መንገድ ከወጣ ሰልፉ ይፈርሳል።

ጫማው ልክ ካልሆነ። ከመጠባበቂያው ሞክሩ። ካልተገኘ ካርቶኑን እንደገና ቁረጡ፤ መልሳችሁ የምታመጡበትን ቀን ጻፉና ለእናቲቱ ስጡ። ልጁ ካልሲውን ይዞ ይሂድ። ባዶ እጁን አትላኩት።

ለጋሹ ካሜራ ይዞ ከመጣ። አስቀድማችሁ በጽሑፍ ካልተስማማችሁ ያጋጥማል። ክፍሉ ውስጥ አታስገቡት፤ ጫማው ወደተከመረበት ወስዳችሁ ሰላም በሉት፣ ከእድሩ ሰብሳቢ ጋር አስተዋውቁት።

ዝናብ ከጣለ። ካርድ የደረሳቸው ቢዘገዩም ተራቸው አይሰረዝም። እስከ 10 ሰዓት ቆዩ፤ ያልመጣው ቤት በማግሥቱ አድርሱ።

ጫማው ተሽጦ ከተገኘ። ይህ ያጋጥማል። አትቆጡ፤ ለሰፈሩም አታውሩ። ጫማ ሸጦ ዱቄት የገዛ ቤት የጎደለው እህል ነው። ለእድሩና ለወረዳው የሴፍቲኔት ባለሙያ በእናቲቱ ፈቃድ አሳውቁ፤ ለልጁ ከመጠባበቂያው ስጡት።

## ደረጃ 8፦ ጥቅምት ላይ ተመለሱ

ትምህርት ከተጀመረ ከአራት ሳምንት በኋላ ጠዋት ሁለት ሰው የትምህርት ቤቱ በር ላይ ይቁም፤ ደብተሩ ኪስ ውስጥ ይሁን። ልጁን ጠርታችሁ "ጫማህስ?" አትበሉት። እግሩን ብቻ እዩ፤ ቁጥሩ ላይ ምልክት አድርጉ። ጫማውን ያላደረገ ካለ በዚያው ሳምንት ቤቱ ሂዱ፤ ብዙውን ጊዜ ወይ ጠቦታል፣ ወይ ሶሉ ተከፍቷል፣ ወይ እናቱ "ለበዓል" ብላ አስቀምጣዋለች። የመጨረሻው ከሆነ ሲያድግ እንደሚጠበው ንገሯት፤ በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ እግሩ በዓመት ወደ አንድ ሴንቲ ሜትር ሊረዝም ይችላል።

ለተከፈተ ሶል ከአንድ የሰፈር ሊስትሮ ጋር አስቀድማችሁ ተስማሙ። ካርዳችሁን ይዞ የሚመጣ ልጅ ሲኖር ይሰፋለታል፤ ሊስትሮው ካርዱን ያስቀምጣል፤ በወር መጨረሻ ቆጥራችሁ ትከፍሉታላችሁ። ጫማው እስከ ሰኔ የሚደርሰው በዚህች አነስተኛ ወጪ ነው። የረጠበ ጫማ እሳት ዳር እንዳይደርቅ፣ ጋዜጣ ተጠቅጥቆበት ጥላ ሥር እንዲውል ለልጆቹ አሳዩ፤ እሳት ዳር የደረቀ ቆዳ ይሰነጠቃል፣ ማስቲሹም ይለቃል።

የካርቶን ልኮቹን አትጣሉ። በክር አስራችሁ ከደብተሩ ጋር በእድሩ ሳጥን ውስጥ ቆልፉባቸው። በሚቀጥለው ሐምሌ አዲሱን ልክ ከአሮጌው ጎን ስታስቀምጡ የየትኛው ልጅ እግር ምን ያህል እንዳደገ ታያላችሁ፤ ቤት የቀየሩትንም ከዝርዝሩ ላይ ታገኟቸዋላችሁ፤ ፍለጋውንም ከእነሱ ትጀምራላችሁ።